ጃንጥላውን የመረጥንበት ቅዳሜ

ያ የምርጫ ነገር እኔን ያስከፈለኝ አንድ ወዳጅ ነው። ሌላውም ይዘርዘር ከተባለ የኋላ ክፍሌን ኪራይ፣ የጥጥና የአልኮል ደንበኞቼን፣ ራስ መኮንን ድልድይን አንገቴን ሳልደፋ የማቋርጥበትን ልብ አጥቻለሁ። ገንዘቡን አልቆጥረውም፤ ገንዘቡ የሌላ ሰው ነበር። የሌላ ሰው ገንዘብ ሲጠፋ ነጋዴ እንቅልፍ አያጣም። እኔ እንቅልፍ ያጣሁት በሌላ ነው።

አገሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው። ልጅ ሆኜ በእግሬ መጥቼ፣ ከእሪ በከንቱ እስከ ፒያሳ ዳገት “ቆራሌው” እያልኩ ባዶ ጠርሙስ ስገዛና ስሸጥ አደግሁ። ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ሳይሆን ጠርሙስ ላይ ነው፤ የአረቄውን ከሳል መድኃኒቱ መለየት ያልቻለ ቆራሌው ጾሙን ያድራል። ጣሊያን ወጥቶ ንጉሡ ከተመለሱ በኋላ በየቦታው ሐኪም ቤት ሲከፈት መድኃኒቱ መጣ፣ ጠርሙሱ ግን አልመጣም። ሰው እያሳለ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው “ጠርሙስ ይዘሃል?” ነበር። ያን ጥያቄ የሰማሁ ቀን ሀብታም እንደምሆን አወቅሁ። ሀብታም አልሆንኩም፤ ከፒያሳ ወደ ድልድዩ በሚወርደው መንገድ ላይ ግን ሱቅ ከፈትኩ። ጠርሙስ፣ ጥጥ፣ ፋሻ፣ አልኮል። ደንበኞቼ ድሬሰሮች ነበሩ።

ድሬሰር ማለት ያን ጊዜ ከሐኪም በታች፣ ከወጌሻ በላይ ያለ፣ ቁስል የሚያጥብና የሚያሽግ፣ መርፌ የሚወጋ ሰው ነው። አንዳንዱ ሐኪም ቤት ተምሮ ወረቀት የያዘ ነው። በእኛ ሰፈር ዙሪያ የነበሩት አስሩ ወረቀት አልነበራቸውም። ሐኪም ቤት ሲጠርጉ ያዩ፣ ወታደር ቤት ሲያገለግሉ የለመዱ፣ ከአጎታቸው የወረሱ ነበሩ። ድሃው ግን የሚያውቀው እነሱን ነው። ሐኪም ቤት ሄዶ ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ ነገ ና ከሚባል፣ እነሱ ዘንድ ሄዶ ሱሪውን ዝቅ ማድረግ ይሻለው ነበር።

ወዳጄ ከአስሩ አንዱ ነው፤ የሱቄን የኋላ ክፍል የተከራየው እሱ ነው። ከወሎ የመጣ ሙስሊም ነበር። በጦርነቱ መጨረሻ ቁስለኛ በቃሬዛ ተሸክሞ የውጭ አገር ሐኪሞች ድንኳን ደርሶ፣ እዚያው ውኃ ሲያፈላ፣ ቀጥሎ መርፌ ሲቀቅል፣ ቀጥሎ ሲወጋ፣ ሙያው ይዞት የቀረ ሰው። የሕፃን ደም ሥር ዐይኑን ጨፍኖ ያገኛል ይሉ ነበር። ውሸት ነው፣ አይጨፍንም። ከመውጋቱ በፊት ግን መድኃኒቱን በመዳፉ ይዞ ያሞቀዋል። ለምን ሲሉት፣ እንግዳ ነው፣ ብርድ ላይ ቆይቶ መጥቶ ቶሎ ግባ አይባልም ይላል። አሱር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ ሲደርስ ከኋላው ክፍል ወጥቶ፣ ከባንኮኒዬ ጀርባ በጠርሙስ ሣጥኖች መካከል ባስለቀቅሁለት ቦታ ይሰግዳል። በዚያ ሰዓት ደንበኛ ቢመጣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምከራከረው። ዝቅ ባለ ድምፅ ሲከራከሩ ዋጋ አይወርድም፤ ሶላቱ ለእኔም ይጠቅመኝ ነበር።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በኋላ ስለሚያስፈልግ። ድሬሰሮች ሰው ሲያገኙ “እንዴት ዋልክ” አይሉም። “ጨጓራህ እንዴት ሆነ?”፣ “እባጩ ፈረጠ?” ነው የሚሉት፤ መንገድ ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ። ይህ ለእነሱ ክፋት ሳይሆን ትሕትና ነው፤ በሽታህን አልረሳሁም ማለት ነው። ወዳጄ ብቻ እንዲህ አይልም። ስንት ጊዜ የወጋውን ሰው መንገድ ላይ ሲያገኝ እንደማያውቀው ሆኖ ያልፋል፤ ሰውየው ቀድሞ ሰላም ካለው ብቻ ሰላም ይላል። አንድ ቀን ኩራት መስሎኝ ብወቅሰው፣ “እኔ የማውቀው ክንዱን ነው፤ ፊቱን አላውቀውም” አለኝ።

ነፃነት ከተመለሰ ሃያ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ወረቀት የሌለው ድሬሰር ሁሉ ቤቱ ይዘጋል የሚል ወሬ መጣ። ደንብ ሊወጣ ነው፣ ነገሩ ምክር ቤት ይቀርባል ተባለ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ለምክር ቤት የሕዝብ እንደራሴ ምርጫ ነበር። ከአስሩ በዕድሜ የሚበልጠው፣ ሁሉም ሽማግሌው የሚሉት፣ ሐሳቡን አመጣ፤ ምክር ቤት ውስጥ የእኛ የሚሉት አንድ ሰው ቢኖር ደንቡን በአፉ ያስቀረዋል። ለዚህ ሰው ገንዘብ እናዋጣ።

ሐሳቡ የእሱ ነው፣ መልኩ ግን የእኔ። ማኅበር እናቁም ቢሉ ፈቃድ ይጠየቃሉ፤ ለምርጫ ነው ቢሉ ደግሞ ሌላ ሰው ይጠይቃቸዋል። እቁብ ግን ማንም አይጠይቅም። ስለዚህ እቁብ አልነው። ሽማግሌው ዳኛ ሆነ። ገንዘብ ያዥ እኔን አደረጉኝ፣ ድሬሰር ስላልሆንኩ። እርስ በርስ አይተማመኑም ነበር፤ አንዱ የሌላውን መርፌ ያልተቀቀለ ነው ይላል። በእኔ ያላቸው እምነት ደግሞ ከማን እንደምሰርቅ ስለሚያውቁ ነው፤ ከገዢ እንጂ ከእቁብ አልሰርቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በወዳጄ ክፍል እንሰበሰባለን፤ አግዳሚ ያለው እሱ ዘንድ ስለሆነ። ለማን እንስጥ የሚለው ክርክር ሲጀመር ነው እነዚህን ሰዎች ያወቅኋቸው። ሌላ ሰው ቢሆን እጩውን ምን ይናገራል፣ ማን ይደግፈዋል፣ የማን ዘመድ ነው ብሎ ይጠይቃል። እነሱ የሚጠይቁት በሽታውን ነው። አንድ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ነበር፤ ደም ግፊት አለበት፣ ከአግዳሚው ሲነሳ ያለከልካል። የምክር ቤቱ ደረጃ ረጅም ነው፣ ገንዘባችን ደረጃው ላይ ይቀራል ብለው ጣሉት። አንድ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነበር፤ ጆሮው አይሰማም። ለእንደራሴማ ይሄ እንደ በሽታ አይቆጠርም ያለ ነበር፣ ሆኖም እሱም ቀረ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ እስቃለሁ። ግን በልቤ አላፌዝኩባቸውም። እኔስ ሰውን የምመዝነው በሚገዛው አይደለም?

ሁለት ሰዎች ቀሩ።

አንዱ መምህር ነው። ያን ጊዜ ማንበብ ለማይችለው መራጭ ሲባል ለየእጩው ምልክት ይሰጠው ነበርና የእሱ ምልክት መሰላል ሆነ። ስለ መምህሩ ሲጠየቅ የሚነሳ በሽታ ጠፋ። ከአስሩ አንድም የወጋው የለም። ሳል እንኳ ይዞት አያውቅም። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ፤ ታሞ የማያውቅ ሰው ሐኪምን በምን ያውቀዋል? ቢሆንም ሄዳችሁ አነጋግሩት ተባለና እኔና ወዳጄ ሥላሴ አካባቢ ከሚከራያት አንዲት ክፍል ሄድን። መምህሩ አልጋው ላይ አስቀመጠን፣ ወንበር አንድ ብቻ ስለነበር። ጉዳያችንን ሰምቶ፣ ዝም ብለው ይኑሩ ብዬ አልናገርም አለ። ይፈተኑ እላለሁ። የሚያውቀው ወረቀት ይሰጠው፣ የማያውቀው መርፌውን ያስቀምጥ። ገንዘባችሁን አልፈልግም፣ ድምፃችሁ ይበቃኛል።

እኔ ገንዘብ የማይቀበል ሰው ያስፈራኛል፤ ያልተቀበለውን ነገር በምን ታስታውሰዋለህ? ወዳጄ ግን ስንወጣ መሬት አይረግጥም ነበር። ፒያሳ ስንደርስ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገብቶ ደብተርና እርሳስ ገዛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሽተኛ በማይኖርበት ሰዓት ደብተሩን ከፍቶ የአጥንት ስም፣ የመድኃኒት መጠን ይጽፋል። አንዳንዴ ጠይቀኝ እያለ ይሰጠኝና እኔ ጥጥ እየመዘንኩ እጠይቀዋለሁ። አይሳሳትም። በዚያ ዕድሜው፣ ጢሙ ሸብቶ፣ እንደ ተማሪ ጣቱን እየቆጠረ ሲመልስ ማየት ያስቃል። ግን እየሳቅሁ አሰላሁ። አስሩ ቢፈተኑ የሚያልፈው እሱ ነው፤ ምናልባት አንድ ሌላ። ሽማግሌው ጽሑፍ አያነብም፣ መድኃኒቱን የሚለየው በክዳኑ ቀለም ነው። አስር ጥጥ ገዢ ሁለት ሊሆንብኝ ነው።

ሁለተኛው እጩ ባላምባራስ ነው። በአራዳ የሚያከራየው ቤት ብዙ ነው፤ ምልክቱ ጃንጥላ። እሱን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ። በዚያ ክረምት ለብዙ ሳምንት በጓሮ በር፣ ጋቢ እስከ ዐይኑ ተከናንቦ፣ ወደ ወዳጄ ክፍል ሲገባ አይቼዋለሁ። ወዳጄ ስለ እሱ አንዲት ቃል አልነገረኝም። ነገር ግን እኔ ጠርሙስ ነጋዴ ነኝ፤ ባዶው ወደ እኔ ይመለሳል። ማን ምን እንደተወጋ ከባዶው አውቃለሁ።

ያ ቅዳሜ የመጨረሻው ስብሰባ ነበር። ምርጫው በፔኒሲሊን ጠርሙስ ላስቲክ ክዳን ይሁን ተባለ፤ ለጃንጥላው ቀይ፣ ለመሰላሉ ግራጫ። እያንዳንዱ አንዱን በፎጣ በተሸፈነ የመሣሪያ ሳህን ውስጥ ይጥላል። እኔ ድሬሰር ስላልሆንኩ ድምፅ አልነበረኝም። ምላስ ነበረኝ።

አስቀድሞ ወዳጄ ተነስቶ ተናገረ። ሲናገር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። “ሃያ ዓመት ወጋሁ” አለ። “ፖሊስ ባየሁ ቁጥር መርፌዬን እንደ ሌባ እሸሽጋለሁ። በሽተኛዬ በጓሮ ይገባል፣ በጓሮ ይወጣል። ሳልሞት አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ አንድ ሰው በፊት ለፊቱ በር ሲገባልኝ ማየት እፈልጋለሁ። ፈተናውን የፈራ ካለ ማታ ማታ ይምጣ፣ እኔ አስጠናዋለሁ።”

ሁለት ሦስቱ ግራጫውን ክዳን በጣታቸው ሲያሽከረክሩ አየሁ። ሽማግሌው እንኳ መሬት መሬት ያይ ነበር። በዚህ መሐል አሱር ደረሰ። ወዳጄ፣ መጣሁ፣ ቆዩኝ ብሎ ወደ ሱቁ አለፈ። በሩን ገርበብ አደረገው። ውኃ ሲነካ፣ ቀጥሎ የጠርሙስ ሣጥን ገፋ ሲያደርግ ሰማሁት።

እኔም እንደ ልማዴ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

“ባላምባራሱ የእኛ ሰው ነው” አልኩ። “እዚች አግዳሚ ላይ ተኝቷል።”

“በምን?” አለ ሽማግሌው።

ስንት ጠርሙስ ፔኒሲሊን፣ በስንት ሳምንት እንደሆነ ነገርኳቸው። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ለድሬሰር መጠኑን ከነገሩት በሽታውን መንገር አያስፈልግም። አስፈሪ ነገር አልነበረም፣ ከአልጋ የሚመጣ፣ ግማሹ ከተማ የተወጋው ነው፤ ግን ሚስት ያለው፣ ሴት ልጅ ሊድር ያሰበ፣ ማዕረግ ያለው ሰው በሰው መሐል ስሙ እንዲጠራ የሚወደው በሽታ አይደለም። ፊታቸው ሲፈካ አየሁ። መምህሩ ጤነኛ ነው፣ እኛን አይፈልገንም፤ ይህ ግን ያለ እኛ አይቆምም። እንዲህ ብለው ነው ያሰቡት። እኔም እንዲህ ብዬ ነው የሸጥኩላቸው፤ ዱቤ ያለበት ደንበኛ ሱቅ አይቀይርም አልኳቸው። ከነጋዴ አፍ ስለወጣ እውነት መሰላቸው። ለእኔም መስሎኝ ነበር።

ወዳጄ ምንጣፉን እያጠፈ ተመለሰ። ክዳኑ ተጣለ። ፎጣው ሲነሳ ስምንት ቀይ፣ ሁለት ግራጫ። ሳህኑን አየ፣ ከዚያ አንድ በአንድ አያቸው።

“ምን ነካችሁ?” አለ።

“ሶላትህ ሰምሮ ነው” አለው ሽማግሌው። “ይኸው አንድ ልብ አደረገን።”

ሳቁ። እኔም ከእነሱ ጋር ሳቅሁ። እሱ ደብተሩን ከመስኮቱ ላይ አንስቶ መሳቢያ ውስጥ አስገባው።

ገንዘቡ ለጃንጥላው ወጣ። የድምፅ ማጉያ የተገጠመላት መኪና ተከራየን፣ ጃንጥላ የታተመበት ወረቀት አስበተንን። ትልቁን ሥራ የሠሩት ግን ድሬሰሮቹ ናቸው። በሽተኛው ሱሪውን ዝቅ አድርጎ ተኝቶ፣ መርፌው ገብቶ፣ መድኃኒቱ ገና ሳይገፋ፣ “ማንን ነው የምትመርጠው?” ይሉታል። መርፌ ተሰክቶበት የሚከራከር ሰው የለም። እስከ ቀበናና እሪ በከንቱ ድረስ ጃንጥላ ጃንጥላ ተባለ። ወዳጄ ብቻ ማንንም አልጠየቀም። ጃንጥላው አሸነፈ። መምህሩ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰ።

ባላምባራሱ ግቢው ውስጥ ድንኳን ጥሎ የደስታ ግብዣ አደረገ። እቁብተኞቹ ሁሉ ተጠራን። ወዳጄ አልመጣም፤ እሱ ወደ ወጋው ሰው ድግስ አይሄድም። ሰልፍ ይዘን እንኳን ደስ ያለዎ ለማለት ቀረብን። ባላምባራሱ ካባ ደርቦ ቆሟል፣ በስተቀኙ የልጁ እጮኛ አባት ቆሟል፣ ሹም ነው። ሽማግሌው ቀድሞ ደረሰ። እጅ ነሳ፣ ጎንበስ አለ፣ በፍቅር ድምፅ እንዲህ አለው፤

“ባላምባራስ፣ እንኳን ደስ ያለዎ። መርፌውን ጨረሱት?”

ባላምባራሱ የሰማ አልመሰለም። ሁለተኛው ድሬሰር ቀረበና ቆዳዎ ጠራልዎ ወይ አለው። ሦስተኛው የተዘረጋለትን እጅ ጨበጠ፣ ገለበጠው፣ መዳፉን ወደ ብርሃን አዙሮ መረመረ፣ ራሱን በደስታ ነቀነቀና አለፈ። ተንኮል የለበትም። በሽታህን አልረሳሁም ማለቱ ነው። የእጮኛው አባት መዳፉን አየ፤ ቀጥሎ የባላምባራሱን ፊት አየ። የእኔ ተራ ሲደርስ እጁን አልሰጠኝም። አንድ በአንድ ሲቆጥረን ነበር፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ቀርቦልኝ የነበረውን ጥሬ ሥጋ መጉረስ አቃተኝ። በዕድሜዬ የቀረበልኝን ትቼ የተነሳሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የልጁ ሰርግ ቀረ። ለምን እንደቀረ አልሰማሁም፤ አልጠየቅሁም።

ከጥቂት ወራት በኋላ የድሬሰሮቹ ነገር ምክር ቤት ቀረበ ተባለ። እዚያ ተላላኪ የሆነ አንድ ጠርሙስ የሚያመጣልኝ ሰው ነበር፤ የሆነውን ነገረኝ። ጃንጥላው ተነስቶ ተናገረ። ያለ ወረቀት መርፌ የሚወጋ ሁሉ ይዘጋ አለ። አንድ ሌላ እንደራሴ፣ ልምድ ያላቸው እየተፈተኑ ቢቀሩስ ቢል፣ አይሆንም፣ ዛሬውኑ ይዘጋ፣ እኔ እነዚህን ሰዎች ከማንም ይበልጥ አውቃቸዋለሁ አለ። ከምክር ቤቱ ሁሉ እንደ እሱ የበረታ አልነበረም አለኝ ተላላኪው። አድናቂው ሆኖ ነበር።

እቁቡ እኔንና ወዳጄን ላከን። ሄደን ጧት ሥላሴ አጠገብ ካለው ከባላምባራሱ ቤት በር ላይ ቆምን፣ እኩለ ቀን ላይ በረንዳው ድረስ እንድንገባ ተፈቀደልን። ቁጭ በሉ አላለንም። እኔ ያዘጋጀሁትን ንግግር ልጀምር ስል እጁን አነሳ፣ ወደ ወዳጄ በአገጩ አመለከተ።

“አንድ ሰው ነበር የሚያውቀው” አለ። “ይኸ ሰው። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ እንደማያውቀኝ ሆኖ ያልፈኛል። ለእሱ ቤት እሠራለት ነበር። አሁን አስራ አንድ ናችሁ። ለአስራ አንድ ሰው ውለታ መመለስ አልችልም።”

“ጌታዬ፣ እኔ አልተናገርኩም” አለ ወዳጄ።

“አውቃለሁ። ክፍሉ ግን የአንተ ነው።”

ወደ ውስጥ ገባ። ዘበኛው በሩን ከፈተልን።

ከሥላሴ በአራት ኪሎ አድርገን ቁልቁል ወረድን። ሰዓቱ ተማሪ የሚለቀቅበት ስለነበር መንገዱ በጩኸት ተሞልቷል። እኔ ብቻዬን አወራሁ፤ ሌላ ሰው እንፈልጋለን አልኩ፣ እቁቡ ጥቂት ቀርቶታል አልኩ፣ ባላምባራሱ ንዴቱ ያልፍለታል አልኩ። ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ስንደርስ ቆመ። እየገፋው የሚያልፈውን ሰው አላየውም።

“ሶላት ላይ ሳለሁ ነው አይደል?” አለኝ።

“አዎ” አልኩት።

ብዋሽ ይሻል ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። መዋሸት የማልችል ሰው አይደለሁም። ግን እሱ ጠርሙሶቹን አስቧል፤ ባዶው ወደ ማን እንደሚመለስ ያውቃል። ራሱን ነቀነቀና ቀድሞኝ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ከባንኮኒዬ ጀርባ አልሰገደም። አሱር ሲደርስ ዳገቱን ወጥቶ መስጊድ ይሄድ ነበር፤ በሽተኛ ቢጠብቀውም ይሄዳል።

ትእዛዙ ሲወጣ ሁለት ሰዎች ማሸጊያ ሰም ይዘው መጡ። ጨዋ ሰዎች ነበሩ፣ ዕቃህን አውጣ ብለው ጊዜ ሰጡት። መርፌዎቹን ለመጨረሻ ጊዜ ቀቀላቸው። ማን ሊወጋባቸው ነው ብዬ ልጠይቀው ነበር፣ ተውኩት። አድርቆ በነጭ ጨርቅ ጠቀለላቸው። ደብተሩን ከመሳቢያው አልወሰደም። ያለቀውን የወር ኪራይ ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ፣ “ይቁጠሩት” አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንተ ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። እኔም ቆጠርኩት። ምን ላድርግ?

በዚያ ሳምንት አስሩም ቤቶች ተዘጉ። ሽማግሌው ወደ ገጠር ሄደ፣ እዚያም በክዳን ቀለም መውጋቱን ቀጠለ አሉ። ሌሎቹ አንዱ ሻይ ቤት ከፈተ፣ አንዱ ጭነት ላይ ተቀጠረ። ወዳጄ ሥራ ፍለጋ በየሐኪም ቤቱ ዞረ። ወረቀት የለህም አሉት። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ቤት በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ።

ደብተሩን ይዤ አንድ ቀን ሄድኩ። ካፖርት ለብሶ፣ ዱላ ይዞ፣ አላፊውን እያየ ቆሟል። በጤና ሰነበትክ አልኩት። “እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?” አለኝ፣ ልክ ለማያውቀው ሰው እንደሚል። ደብተሩን ሰጠሁት። ገለጥ አድርጎ የአጥንቶቹን ስም አየ፣ መልሶ ሰጠኝ።

“ለጥጥ መጠቅለያ ይሁንዎ” አለኝ። “ወረቀቱ ጥሩ ነው።”

ይቅርታ ልለው ነው የሄድኩት። አልወጣልኝም። እኔ በሕይወቴ ዋጋ ቀንሼ አውቃለሁ እንጂ ይቅርታ ብዬ አላውቅም፤ ልቀንስለት የምችለው ዋጋ ደግሞ አልነበረም። ሰው መጣ፣ በሩን ሊከፍት ዞረ። እኔም ሄድኩ። ደብተሩን ትንሽ ጊዜ አስቀመጥኩት። በኋላ መጠቅለያ ሲያልቅብኝ ተጠቀምኩበት። ወረቀቱ እውነትም ጥሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሰማሁት አብሮት ዘብ ከሚቆም ሰው ነው። ነርሶቹ ልጆች ናቸው፣ የሕፃን ደም ሥር ሲጠፋቸው በጓሮ በኩል ይጠሩት ነበር። ዱላውን አስቀምጦ፣ እጁን ታጥቦ ይገባል፣ ወግቶ ተመልሶ በሩ ላይ ይቆማል። አንድ ቀን አለቃው ደረሰበት። ሕፃኑ ተርፏል፤ እሱን ግን አባረሩት፣ ዘበኛ መርፌ ነካ ብለው። ነርሷ እኔ ነኝ የጠራሁት አላለችም። እሱም ጠርታኝ ነው አላለም። የሚያውቀው ክንዱን ብቻ ነው።

ወደ ወሎ ሄደ። አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ከደሴ አውቶቡስ የወረደ ነጋዴ ሞቷል ብሎ ነገረኝ። በምን ብዬ ብጠይቀው አላውቅም አለ። ተቀብሮ ሦስት ወር አልፎታል። ለቅሶ የምደርስበት ቤት አልነበረኝም፤ ሱቄን ግማሽ ቀን ዘጋሁ፣ ከሰዓት በኋላ ከፈትኩ። አሱር ሲደርስ አንዲት ሴት ለጠርሙስ ስትከራከረኝ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ልማድ ነው። ለምን ታንሾካሽካለህ አለችኝ።

መምህሩ አሁንም በሱቄ በር ያልፋል። ሰላም ይለኛል። ጤነኛ ነው።

አስሩ ቤቶች ተዘግተዋል። ባላምባራሱ ሁለተኛ ጊዜ ተመርጧል። የኋላው ክፍል ባዶ ጠርሙስ ተቀምጦበታል። ከእቁቡ የተረፈ ገንዘብ የለም፣ ወዳጄ ሞቷል፣ እኔ አለሁ።